ለጀርመን የቋንቋ ኮርስ ስትበጅቺ የመጀመሪያውን ወር ለብቻው አስቢው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ጀርመን ሄደሽ ቋንቋውን ልትማሪ ነው። ትምህርት ቤቱ ከዜሮ ተነስተሽ በአራት ወር ቢ1 (መካከለኛው የቋንቋ ደረጃ) ትደርሻለሽ ብሎሻል። ለቪዛው በሚጠየቀው ብሎክ አካውንት (የመኖሪያ ገንዘብሽ ተቆልፎ በየወሩ የሚለቀቅበት ሂሳብ) በወር 992 ዩሮ ሂሳብ ልታስገቢ ነው። "ይበቃኛል ወይ?" ነው ያልሽው። አይበቃሽም። ያለፍኩበት ስለሆነ ሳልደብቅ ልንገርሽ።

1. 992 ዩሮ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ተማሪ የተቆረጠ ነው። ቋንቋ ብቻ ሊማር ለሚሄድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2025 ይጠየቅ የነበረው በወር 1,091 ዩሮ ነው። በስድስት ወር 594 ዩሮ ይለያያል። ገንዘቡን ከመላክሽ በፊት የኤምባሲውን ገጽ ራስሽ ከፍተሽ የዛሬውን ቁጥር እዪ። ደላላ የነገረሽን ይዘሽ አትሂጂ።

2. አራት ወር የሚሉሽን እርሺው። የጀርመን መንግሥት ራሱ በሚሰጠው የኢንቴግራሲዮን ኮርስ (ለመጤዎች የሚሰጥ የቋንቋ ትምህርት) ከዜሮ እስከ ቢ1 የሚመደበው 600 ክፍለ ጊዜ ነው። አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ ብትማሪ 30 ሳምንት ይፈጅብሻል፤ ሰባት ወር ማለት ነው። በሳምንት 25 ብታደርጊው እንኳ 24 ሳምንት ነው። ጎበዝ ሰው ያፈጥነዋል። እኔም ከክፍል ጓደኞቼ ቀድሜ ነው ቢ1ን ያለፍኩት፤ በዚህ እኮራለሁ። በጀት ግን በጉብዝና ተስፋ አይያዝም። አንድ ደረጃ ከደገምሽ የሚደገመው የኮርሱ ክፍያ ብቻ አይደለም። የዚያ ወር ኪራይ፣ ኢንሹራንስና አስቤዛም አብሮ ይደገማል። የፈተናው ክፍያ ኮርሱ ውስጥ መኖር አለመኖሩንም ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው።

3. ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ብሎክ አካውንት ውስጥ ያለው ገንዘብ ያንቺ ነው፤ ግን የደረስሽ ቀን እጅሽ ላይ የለም። ወርሃዊው ድርሻ የሚለቀቀው እዚያ ተራ የባንክ ሂሳብ ስትከፍቺ ነው። ብዙ ባንኮች ደግሞ የአድራሻ ምዝገባ ወረቀት፣ አንሜልዱንጉን፣ አምጪ ይሉሻል። ለመመዝገብ ደግሞ አከራይሽ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልግሻል። አንዷ ወረቀት ከጎደለች ሁሉም ይቆማል።

እኔን ያከራየኝ ሰውዬ በስልክ ምላሱ ማር ነበር። ማስያዣውንና የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ከተቀበለ በኋላ ወረቀቱን ስጠይቀው "በዚህ አድራሻ መመዝገብ አይቻልም" አለኝ። የኪራይ ውሌን ይዤ መዝጋቢው ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ፓስፖርቴንና ውሉን በሁለት ጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። ምን እንደጎደለ በእንግሊዝኛ ስጠይቃት "እዚህ የሚሠራው በጀርመንኛ ነው" ብላ የሚቀጥለውን ቁጥር ጠራች። ቋንቋ ሊማር የመጣን ሰው ቋንቋ አትችልም ብሎ መመለስ! እስካሁን አንጀቴን ያቃጥለኛል። ሌላ ቀጠሮ እስካገኝ ድረስ ገንዘቤ ባንክ ተቀምጦ እኔ ከክፍል ጓደኞቼ እየተበደርኩ በላሁ።

በኋላ ነው ሕጉን ያገኘሁት። የጀርመን የምዝገባ ሕግ አንቀጽ 19 እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2015 ጀምሮ አከራይ ማረጋገጫውን እንዲሰጥ ያስገድዳል። አንቀጽ 17 ደግሞ ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመዝገቢ ይልሻል። አንቀጹን አሳተምኩና በእስክሪብቶ አስምሬበት ሰውዬው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አልጮህኩም፣ አልለመንኩም። እያጉረመረመ እዚያው ፈረመ።

ስለዚህ ለአንሜልዱንግ የሚሆነውን ወረቀት ይሰጥሽ እንደሆነ አከራይሽን በጽሑፍ ጠይቂው፤ ማስያዣ ከመክፈልሽ በፊት። "እናያለን" ካለሽ ሌላ ቤት ፈልጊ። ኪራዩ ዋርም ይሁን ካልት ጠይቂ፤ ካልት ማለት ማሞቂያውና ሌላው ወጪ ያልተካተተበት ነው። ማስያዣው በሕግ እስከ ሦስት ወር ካልት ኪራይ ሊደርስ ይችላል። ይህን፣ የመጀመሪያውን ኪራይና የአንድ ወር ተኩል መኖሪያሽን ከብሎክ አካውንቱ ውጭ ያዢ።

የጤና ኢንሹራንስም አለ። የመንግሥቱ የተማሪ ኢንሹራንስ ቋንቋ ብቻ ለሚማር አይሆንም፤ የግል ነው የምትገዢው። የማይሸፍነውን ዝርዝር አንብቢ። የመላ አገሩ የትራንስፖርት ትኬት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ነው፤ ካልሰረዝሽው በየወሩ ይቆርጣል።

"እየሠራሁ እከፍላለሁ" ብለሽ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ወዲህ የቋንቋ ተማሪም በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል። ግን ቋንቋው ሳይያዝ ሥራ በቀላሉ አይገኝም። በጀትሽ ውስጥ ዜሮ ብለሽ ጻፊው።

4. ትምህርት ቤቱ ጋ ከመክፈልሽ በፊት ቪዛ ብትከለከዪ ስንት እንደሚመልሱልሽ ውሉ ላይ ፈልጊ። ካላገኘሽው በኢሜይል አስጽፊያቸው፤ የቃል ተስፋ አይሠራም። ኮርሱም የቀን መሆን አለበት፣ በሳምንት ቢያንስ 18 ክፍለ ጊዜ፤ በማታ ኮርስ ይህን ቪዛ አይሰጡሽም። ውሉ ካልገባሽ ስምሽን ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊው፤ መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን።