«ሀርድዌር» ብለሽ እንዳትጠይቂ

እህቴ፣ «ቶኪዮ ነው ያለሁት፣ የኩሽናዬ ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በጃፓንኛ ምን ይባላል?» ያልሽውን ሳነብ የቆየ ቁስሌን ነው የነካሽው። መቼም አንቺም እንደኔ አሮጌ ኪራይ ቤት ነው የገባሽው።

1. «ሀርድዌር» የምትለዋን ቃል እርሺያት። እነሱ ዘንድ «ሀዶዌአ» ሲባል የሚገባቸው የኮምፒዩተር ዕቃ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ዮትሱጊ (ሐበሻ የሚበዛበት ካትሱሺካ ውስጥ) አንድ ሽማግሌ አስቁሜ ያችኑ ቃል ደጋገምኩባቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ወረቀት አውጥተው ባቡሩን ሁሉ ጻፉልኝ። አሳኩሳባሺ ላይ ቀይሬ የወረድኩት አኪሃባራ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰፈር! የቧንቧ ጎማ ፍለጋ ወጥቼ ኪቦርድ መሃል ተገተርኩ። አከራዩ ቢሮ ብደውል ልጅቷ «ጎማ የተከራይ ነው» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ማታ በንዴት ፖስታ ሣጥኔ ውስጥ የተጣለች፣ ማግኔት ላይ የታተመች የቧንቧ ሠራተኛ ማስታወቂያ ላይ ደወልኩ። ሰውየው መጣ፣ አንዲት ጎማ ቀየረ፣ 16,000 የን ተቀበለ። ጎማዋ እኮ ሱቅ 200 የን አትሞላም! ደረሰኙ እስካሁን ፍሪጄ ላይ አለ፣ በዚያችው ማግኔት ተለጥፎ።

2. ቃሉ «ካናሞኖያ» ነው። «ካና» ብረት፣ «ሞኖ» ዕቃ፣ «ያ» ሱቅ። ጠባብ የሰፈር ሱቅ ናት፣ ብሎን በፍሬ የሚሸጥባት። አሁን እየተዘጉ ነው፤ ገበያቸውን የወሰደው «ሆሙ ሴንታ» የሚባለው ትልቅ መደብር ነው፣ እነ ካይንዝ፣ እነ ኮናን። እዚያ ከሚስማር እስከ ውሻ ምግብ ታገኛለሽ፣ ጣውላም በልክ ይቆርጡልሻል፤ ግን ስፋቱ ያደክማል፣ ሠራተኛ ፈልጎ ማግኘትም ሌላ ሥራ ነው። «ኮጉያ» ካሉሽ መሰርሰሪያና መፍቻ፣ «ዛይሞኩያ» ካሉሽ ጣውላ ብቻ። «አራሞኖያ» መጥረጊያና ባልዲ ነው፣ እዚያ ለቧንቧ አትልፊ።

3. የጎማዋ ልክ። በዓመቱ ያው ቧንቧ እንደገና አንጠባጠበ። በዚህ ጊዜ ማንንም አልጠራም ብዬ ግድግዳው ውስጥ የሚገባውን ጥርስ በማስመሪያ ለካሁ፣ 21 ሚሊ ሜትር። ሆሙ ሴንታ ሄጄ «20» የተጻፈበትን ጎማ አነሳሁ፣ ይቀርባል ብዬ። ቤት ስደርስ የትም አይገባም። አሮጌዋን ጎማ በኪሴ ይዤ ካናሞኖያ ሄድኩ። ባለሱቋ እማማ ከመዳፌ አንስተው ገልበጥ አደረጓት፣ ማስመሪያም አልነኩ፣ «ጁሳን» አሉ። አሥራ ሦስት ማለታቸው ነው። ለካ የቤት ቧንቧ «13» የሚባለው ስሙ ነው እንጂ ልኩ አይደለም፤ ጥርሱ በውጭ ሲለካ 21 የሚሆነው ራሱ 13 ነው። ጎማዋን በ10 ደቂቃ ገጠምኩ፣ በእጄ፣ ዩቲዩብም ሳላይ።

ውሃውን መጀመሪያ ከቆጣሪው ዝጊ። ከዚያ አሮጌዋን ጎማ አውጥተሽ፣ ይዘሻት ሂጂና «ጁሳን ኖ ፓኪን» (የ13 ጎማ) በያቸው። የማግኔቷን ስልክ ደግሞ ዛሬውኑ ጣያት፣ አንቺም ሣጥን ውስጥ መኖሯ አይቀርም።