ባቄላው ሲረጭ ለረገፉት ንቦች

ወንድሜ፣ «ጎረቤቴ ያበበ ባቄላውን ለክሽክሽ ተባይ በረጨ ማግስት ንቦቼን ቀፎው ደጃፍ ረግፈው አገኘኋቸው፤ በሽታ ነው ወይስ መርዝ? የቀሩትንስ እንዴት ላትርፍ?» ላልኸው፣ በንብ ማነብ ከኖርሁበት ልመልስልህ።

እንደነገርኸን ከሆነ መርዝ ነው። በሽታ አብዛኛውን ጊዜ መንጋውን ቀስ እያለ ያመነምናል፤ በአንድ ጀምበር ደጃፍ አይሞላም። ጎንበስ ብለህ የሞቱትን እያቸው። ምላሳቸው ወደ ውጭ ተዘርግቷል? ያልሞቱት በጀርባቸው ተገልብጠው ይሽከረከራሉ? ጽጌ ብናኝ በእግራቸው እንደተሸከሙ የወደቁ አሉ? እንደ ማላታዮን ያሉት ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ደግሞ የበሉትን ስለሚያስተፏቸው ሰውነታቸው ረጥቦ ይገኛል። ደጃፍ ላይ የምታየውም ከፊሉን ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ማሳው ላይ ቀርተዋል።

ዛሬውኑ ከትኩስ ሬሳዎቹ ጥቂት እፍኝ በንጹሕ ዕቃ ሰብስበህ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጥ፤ ፎቶ አንሳና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አሳውቅ። ሬሳው ከደረቀ ወይም ከበሰበሰ ማስረጃ አይሆንም።

አመሻሽ ላይ ቀፎውን ክፈት። አውራዋ (ንግሥቲቱ ንብ) ካለችና ንቦቹ እጩን፣ ማለትም ገና ያልበሰሉትን ልጆች፣ መሸፈን ከቻሉ መንጋው ይተርፋል። ባዶ የሰም እንጀራዎችን አውጣ፣ መግቢያውን አጥብብ፤ የቀሩት ጥቂት ንቦች እጩን ማሞቅ የሚችሉት ቤታቸው ሲጠብላቸው ነው። ስኳር በእኩል ውኃ በጥብጠህ ስጣቸው፣ ንጹሕ ውኃም አቅርብላቸው። ከቀናት በኋላም ወጣቶቹ ንቦች መሞታቸውን ከቀጠሉ፣ በርጭቱ ሰሞን የገባው ጽጌ ብናኝ ተመርዟልና ብናኙን የያዘውን እንጀራ አስወግድ። በዱቄት መልክ የሚነሰነስ መድኃኒት ከሁሉም የከፋ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ንቧ ከብናኙ ጋር ለቅማ ልጆቿ ዘንድ ታደርሰዋለች። የዚያን ሰሞን ማር አትቁረጥ።

እዚህ አንድ ወንድም «ቀፎውን ወደ ጓሮ አዙረው» ብሎሃል። ንብ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቃ ትቀስማለች፤ ከደጅ ወደ ጓሮ ማዞር ምንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከጎረቤትህ ጋር መነጋገር ነው። ከረጨ ንቦቹ ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ይርጭ፤ አንድ ቀን ቀደም ብሎም ይንገርህ። አንተ ማታውኑ በሩን አየር በሚያስገባ ወንፊት ዘግተህ፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነህ፣ ውኃ ሰጥተህ ታቆያቸዋለህ። በሞቃት ቀን ግን ከአንድ ቀን በላይ አትዝጋ፣ ታፍነው ያልቃሉ። ዳይሜቶኤት የተባለው ፀረ ተባይ ግን በተክሉ ውስጥ ተሰራጭቶ ወደ አበባው ወለላ ስለሚገባ፣ ያበበ ሰብል ላይ ማታም ቢሆን መረጨት የለበትም ባይ ነኝ።

በጠብ አትሂድበት፤ ክሽክሽ እውነትም ባቄላውን እየጨረሰበት ነው። ኑግ የሚዘራ ከሆነ ኑጉን አንሳበት። ኑግ የራሱን ብናኝ ስለማይቀበል ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ይፈልጋል፤ ንብ በሌለበት አበባው ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት ነው። ብዙ ገበሬ ይህን አያውቅም፤ ሲሰማ ግን ይለወጣል። ስንዴው ላይ ስለሚረጨው ቱፎርዲም ንገረው። ፀረ አረሙ ንቧን እንደ ፀረ ተባዩ ወዲያው አይገድላትም፤ ለጥቅምትና ለኅዳር ማር የምንጠብቀውን መጭና አደይ አበባ ግን ያጠፋባታል። ቢያንስ ድንበሩንና ቦዩን ሳይረጭ ይተውላት።

ቀፎውን ስትከፍት አውራዋን ወይም አዲስ እንቁላል ካየህ እዚሁ ጻፍልን። ሁለቱም ከሌሉ መንጋውን ከሌላ መንጋ ጋር ማዋሐድ ይሻላል፤ እንዴት እንደሚደረግ እነግርሃለሁ።