8 ወር ሆነኝ፣ የአፍንጫዬን ጫፍ ላስደግመው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ፣ ከ8 ወር በፊት ኢስታንቡል ሄጄ አፍንጫዬን ተሰርቻለሁ። ጉብታው ጠፍቶልኛል ተመስገን፣ ጫፉ ግን አሁንም ድብልብል እንዳለ ነው፣ ሰልፊ በተነሳሁ ቁጥር ይደብረኛል። የሰራኝ ዶክተር ጠብቂ ይላል፣ ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ ጋ አስደግሚው ካልሆነም ፊለር (ቆዳ ስር የሚወጋ መሙያ) ተወጊ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ እኔ ከዶክተሩ ጋር ነኝ። ከአፍንጫ ላይ እብጠቱ መጨረሻ የሚለቀው ጫፉን ነው፣ ቢያንስ አመት ይፈልጋል፣ ቆዳሽ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ሁለት አመትም ሊሄድ ይችላል። ጠዋት ወፍሮ ማታ ላይ ቀለል የሚል ከሆነ እብጠቱ ገና አለ ማለት ነው።

ሰልፊውን ደግሞ ተይው በናትሽ፣ ስልክ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ተይዞ የሚነሳ ፎቶ ከ1.5 ሜትር ከሚነሳው ጋር ሲተያይ አፍንጫን ወደ 30 በመቶ አስፍቶ ነው የሚያሳየው። ሰው ራቅ ብሎ ከፊትም ከጎንም ያንሳሽ።

አመቱ ሞልቶም ካልወደድሽው ያኔ ይታሰባል፣ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ውስጡ ጠባሳ ይዟላ። ሰው ትንሽ ቆረጥ ቢያደርጉት የሚቀጥን ይመስለዋል፣ ወፍራም ቆዳ ግን እንደ ጋቢ ነው፣ ከስር የተሰራውን ይሸፍነዋል፣ ለስላሳው አጥንት ከልክ በላይ ከተቆረጠ ደግሞ ጫፉ ድጋፍ አጥቶ ይወድቃል ወይ ጎንና ጎኑ ገባ ብሎ ትንፋሽ ይከለክልሻል። ለዛ ነው በሁለተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ከመቁረጥ ይልቅ የለስላሳ አጥንት ድጋፍ የሚጨመረው፣ እሱም ከአፍንጫው መሀል ግድግዳ ይወሰዳል፣ እዛ ካለቀ ከጆሮ፣ ካልበቃ ከጎድን። ስለዚህ የመጀመሪያውን ኦፕሬሽን ሪፖርት አሁኑኑ አስልኪ፣ ምን ከየት እንደተወሰደ ሳያይ ቀን የሚቆርጥልሽን ሐኪም እንዳታምኚው። ጆሮሽን ስትበሺ ጠባሳው አብጦ ከነበረም ለሐኪሙ ንገሪው፣ አዲሱም ጠባሳ ሊያብጥ ይችላል።

ፊለሩን እርሺው። አንዴ የተከፈተ አፍንጫ የደም ዝውውሩ እንደ ድሮው አይደለም፣ ፊለሩ ደም ስር ውስጥ ከገባ ቆዳ ይሞታል፣ አይን እስከማጥፋትም ይደርሳል፣ የሆነ የውበት ሳሎን ውስጥ ሲሆንማ ጭራሽ።

መተንፈስ የሚያስቸግርሽ ከሆነ ግን አመት አትጠብቂ። ጉንጭሽን በጣትሽ ወደ ጎን ሳብ ስታደርጊው አየሩ ከቀለለሽ ይሄንኑ ለከአንገት በላይ ሐኪም ንገሪ፣ ጥቁር አንበሳም ላንቺ ሩቅ አይደለም።