ጥያቄና መልስ፦ ሰዓት የማያሳልፈው ቺፕ

በዚህ ዙር የድሮ ሳውንድ ካርድን የሚመለከቱ አራት ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ጉዳዩን ስለምወደው ዓምዱን ሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ከአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሳውንድ ብላስተር ላይቭ የሚባል ካርድ ፈታሁ። መሃሉ ላይ ያለው ትልቅ ቺፕ «ኢኤምዩ10ኬ1» ይላል። ጓደኞቼ «የዛሬ ማዘርቦርድ የራሱ ድምፅ አለው፤ ምን ይሠራልሃል? ጣለው» ይሉኛል። እኔ ጊታር እጫወታለሁ። ቺፑ ድምፅ መቀየር ይችላል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ከሆነስ ምን ልሥራበት? (ጊታር ተጫዋቹ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትጥለው። እጅህ ላይ ያለው ለጊታር ተጫዋች የሚመች ዕቃ ነው።

ካርዱ የወጣው በ1998 ነው። ቺፑ ውስጥ ሁለት ክፍሎች አሉ። አንዱ 64 ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያጫውታል። ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። ሌላው ኤፍኤክስ8010 ይባላል። ሲግናል የሚያቀናብረው ይሄ ነው፤ ፕሮግራሙንም አንተ ራስህ ልትጽፍለት ትችላለህ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚገባው ድምፅ በሴኮንድ 48,000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዷን ልኬት ናሙና እንላታለን። አንዲት ናሙና በደረሰች ቁጥር ቺፑ ፕሮግራምህን ከመጀመሪያው ትዕዛዝ እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ይሠራዋል። የሚይዘው 512 ትዕዛዝ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ መድገም የለም። መዝለል ይቻላል፣ እሱም ወደ ፊት ብቻ።

መጀመሪያ ይህን ሳነብ «መደጋገም የሌለበት ፕሮግራም ምን ሊረባ ነው?» ብዬ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። መደጋገም ስለሌለ ፕሮግራሙ ሊረዝም አይችልም። ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ገና ሳይጀመር ይታወቃል። ይህ ቺፕ አያረፍድም። በሴኮንድ ከ24 ሚሊዮን ትንሽ የበለጠ ትዕዛዝ ይሠራል፤ ለዛሬ ፕሮሰሰር ይህ ኢምንት ነው። ግን የዛሬው ፕሮሰሰር ሺህ ሥራ አለበት። ስለዚህ ድምፁን በጥቅል በጥቅል ሰብስቦ ነው የሚያቀናብረው። ጥቅሉ 512 ናሙና ቢሆን፣ ሲገባ ወደ 11 ሚሊሴኮንድ፣ ሲወጣ ሌላ 11 ያስጠብቅሃል። ክሩን ስትመታና ድምፁን ስትሰማ መሃል ያለችውን ክፍተት ጣትህ ያውቃታል። በዚህ ቺፕ ግን ናሙናዋ ገብታ፣ ተቀናብራ ወዲያው ትወጣለች። ስለዚህ ለካርዱ የምትሰጠው ሥራ ጊዜ የሚቆጠርበት ይሁን። ፋይል ለመለወጥ፣ ቪዲዮ ለማየት ኮምፒውተሩ ይበቃል።

ፕሮግራሙን ለመጻፍ ሁለት መንገድ አለህ። በዊንዶውስ ኬኤክስ የሚባል ድራይቨር አለ፤ ሳጥኖችን በሽቦ እያገናኘህ የምትሠራበት የዲኤስፒ (የሲግናል ማቀናበሪያ) ሰሌዳ ስክሪን ላይ ይዞ ይመጣል። በሊኑክስ ደግሞ ድራይቨሩ ከሲስተሙ ጋር አብሮ አለ። ፕሮግራም ወደ ቺፑ የሚጭኑ ትንንሽ መሣሪያዎችም ተሠርተውለታል። ለጀማሪ ሰሌዳው ይቀላል።

አሁን ወደ ጊታሩ። ጊታርህን በቀጥታ ሰማያዊው መግቢያ ላይ አትሰካው። ኤሌክትሪክ ጊታር ለስላሳ ሲግናል ነው የሚሰጠው። የካርዱ መግቢያ ይጫነውና ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል። መሃል ላይ ትንሽ ፕሪአምፕ፣ ማለትም ሲግናሉን የሚያጠነክር ዕቃ፣ አስገባ። ፔዳል ካለህ፣ ባፈር ያለበት ከሆነ እሱም ይሠራል።

የመጀመሪያ ሥራህ የገደል ማሚቶ ይሁን። ቺፑ የራሱ የሆነ ትንሽ ማስታወሻ አለው፤ 8,192 ናሙና ይይዛል። ይህ 170 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከፈለግህ ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ እስከ አንድ ሚሊዮን ናሙና ድረስ ይበደራል። ከ20 ሴኮንድ በላይ ማለት ነው! አንድ ዙር ተጫውተህ፣ እሱ ሲመለስልህ በላዩ ላይ ሌላ ዜማ ልትደርብበት ትችላለህ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ ደርሶብኛልና። አንድ ምሽት ሁለት መዘግየቶች፣ ማለትም ድምፁን ይዘው ቆይተው የሚመልሱ ሳጥኖች፣ አገናኘሁ። የእያንዳንዳቸውን ድምፅ በ0.7 አባዝቼ ወደ መግቢያው መለስኩት። እያንዳንዱ ከ1 ስለሚያንስ ደህና ነው ብዬ ነበር። ድምራቸው ግን 1.4 ነው። ድምፁ በዞረ ቁጥር አደገ፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነበር። እስከ ማግስቱ ጆሮዬ ይጮህ ነበር። ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም ስትጭን ማዳመጫውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ጀምር። ወደ ኋላ የሚመለሰው ሁሉ ተደምሮ ከ1 በታች መሆኑንም በወረቀት አረጋግጥ።

ከሁሉ የምወደውን ለመጨረሻ አቆየሁልህ። የማይታዩ ክሮች ሥራ! በ1983 ካርፕለስና ስትሮንግ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ዘዴ አሳተሙ። አጭር መዘግየት ውሰድ። የሚወጣውን ትንሽ አለስልሰህ ወደ መግቢያው መልሰው። መዘግየቱ እንደ ተመታ ክር ይጮሃል። የክሩ ርዝመት በናሙና ይቆጠራል። የጊታር አምስተኛው ክር፣ ላ፣ በሴኮንድ 110 ጊዜ ይርገበገባል። 48,000ን ለ110 አካፍል፤ 436 ናሙና።

ማለስለሱ ደግሞ ለዚህ ቺፕ ቀላል ነው። ኢንተርፕ የሚባል ትዕዛዝ አለው። በሁለት ቁጥሮች መካከል የፈለግኸውን ያህል ይራመዳል። ያለፈውን ውጤትና አዲሱን ናሙና ብትሰጠው፣ ያው አንድ ትዕዛዝ ብቻውን ለስላሳ ፊልተር ይሆንልሃል። አንድ ክር ለመሥራት አራት ትዕዛዝ አካባቢ ይበቃል።

እንግዲህ ከዚያች ላ ጀምረህ የአንድ ኦክታቭ አሥራ ሁለቱንም ድምፆች አዘጋጅ። ሁሉም ተደምረው ከ3,900 ናሙና አይበልጡም። ቺፑ ውስጥ ካለው ማስታወሻ ግማሹን እንኳ አይሞሉም። ትዕዛዙም 50 ገደማ ነው። ከዚያ ጊታርህን፣ ወይም ድምፅህን፣ ወደ አሥራ ሁለቱም በትንሹ አስገባ። የፒያኖን ፔዳል ረግጠህ ውስጡ ብትጮህ ክሮቹ እንደሚመልሱልህ ሁሉ ይመልሱልሃል። ከተጫወትከው ድምፅ ጋር የሚስማማው ክር ብቻ ይነሳል፤ ሌላው ዝም ይላል። ፊልተሩ ራሱ ትንሽ ስለሚያዘገይ ከ436 ላይ አንድ ሁለት ናሙና ቀንስ። ከዚያ በኋላ በጆሮህ ቃኘው። እኔ የክሮቹን ርዝመት በእርሳስ የጻፍኩበት ደብተር አለኝ፤ ገጹ በመላጲስ ብዛት ሳስቷል።

ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ማስጠንቀቂያ። ካርድ ስትፈልጉ ስሙን ሳይሆን ቺፑን አንብቡ። «ላይቭ 24-ቢት» የሚባለው ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ይህ ማቀናበሪያ የለውም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደግሞ ኦዲጂ ካርድ አለኝ። ስፒከር መሥራት እወዳለሁ። የዉፈሩን (የወፍራሙን ድምፅ ስፒከር) እና የቲዊተሩን (የቀጭኑን) ድምፅ የሚለይ ክሮስኦቨር በኮይልና በካፓሲተር ከምሠራ፣ ካርዱ ሊለይልኝ ይችላል? (ሳጥን ሠሪው)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። በደንብ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ኦዲጂዎች ቺፕ የላይቩ ታናሽ ወንድም ነው፤ ግን 1,024 ትዕዛዝ ይይዛል። ኦዲጂ ኤስኢ የሚባለው ግን ከዚህ ወገን አይደለም፤ የእርስዎ እሱ እንዳይሆን ይመልከቱ።

ካርዱ የፊትና የኋላ መውጫ ስላለው ወፍራሙን ድምፅ ወደ አንዱ፣ ቀጭኑን ወደ ሌላው ይላኩ። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው አምፕሊፋየር ያስፈልጋል። ቀላሉ አሠራር መቀነስ ነው። ወፍራሙን በፊልተር ያውጡ፤ ከዋናው ድምፅ ላይ እሱን ሲቀንሱ የሚቀረው ቀጭኑ ነው። ሁለቱ መልሰው ሲደመሩ ዋናውን ይሰጣሉ።

ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ድምፅ በአየር ላይ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ አንዲት ናሙና 7 ሚሊሜትር ገደማ ናት። የዉፈሩ መሃል ከቲዊተሩ 7 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ቢቀር፣ ቲዊተሩን በ10 ናሙና ያዘግዩት። እኩል ይደርሳሉ። ይህን በኮይል መሥራት ፈተና ነው፤ እዚህ አንድ ቁጥር መጻፍ ነው። ሁለቱ መውጫዎች በካርዱ ውስጥ የሚሄዱበት መንገድ አንድ ላይሆን ስለሚችል ግን፣ ማይክሮፎን አቁመው ይለኩ።

ካፓሲተሩን ሙሉ በሙሉ አይተዉት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፕሮግራሙ እስኪጫን ድረስ ያልተለየ ድምፅ ሊወጣ ይችላል። ቲዊተር ላይ በተከታታይ አንድ ካፓሲተር ቢቀር ከመቃጠል ያድነዋል።

ጥያቄ፦ የኔ ሳውንድ ብላስተር 16 ነው። ሲነሳ «ዲኤስፒ 4.13» ብሎ ይጽፋል። እኔም እንደዚያ ፕሮግራም ልጽፍለት እችላለሁ?

መልስ፦ አይ። በእነዚያ ካርዶች «ዲኤስፒ» የሚለው ስም ያሳስታል። ዲጂታል ሳውንድ ፕሮሰሰር ለማለት ነው እንጂ ሲግናል ማቀናበሪያ ማለት አይደለም። ከመጀመሪያው ሳውንድ ብላስተር ጀምሮ እሱ ድምፅ የሚያስገባና የሚያስወጣ ትንሽ ማይክሮ ኮንትሮለር ነው። አንዳንድ 16ዎች ላይ «ሲኤስፒ» ወይም «ኤኤስፒ» የሚባል ለብቻው የተሰካ ቺፕ አለ፤ እውነተኛው ማቀናበሪያ እሱ ነው። ግን በአብዛኛው የሚሠራው ተዘጋጅቶ የመጣለትን ነው፤ ድምፅ መጭመቅና ድምፁን በዙሪያ የማስፋት ሥራ። ካርድዎ ላይ የሙዚቃ ድምፅ የሚያመነጨው የያማሃ ኦፒኤል3 ቺፕ ካለ ጊዜዎን ለሱ ይስጡ። ሬጅስተሮቹ፣ ማለትም ቁጥር እየጻፉ የሚያዙባቸው ቦታዎች፣ በደንብ የታወቁ ናቸው፤ ድምፅን ከባዶ ትገነቡበታላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሳውንድ ካርድ ብቻ ራዲዮ መስማት ይቻላል ይላሉ። እውነት ነው? ላይቭ ካርድ አለኝ። (ሽቦ የዘረጋችው)

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፤ ጥያቄሽ አስደስቶኛል። ካርድሽ በሴኮንድ 48,000 ጊዜ ስለሚለካ፣ እስከ 24 ኪሎኸርዝ ያለውን ማንኛውንም ርግብግቢት በመርህ ደረጃ ያያል። ራዲዮ ሞገድም ከዚያ በታች አለ። ስዊድን ውስጥ ግሪሜቶን የሚባል ጣቢያ በ17.2 ኪሎኸርዝ ያስተላልፋል። በ1920ዎቹ የተሠራ ነው። ሞገዱን የሚያመነጨው የሚሽከረከር ትልቅ የብረት ማሽን ነው። በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ዛሬ የሚነሳው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ከነዚህ አንዱ የአውሮፓውያን ገና ዋዜማ ነው። መልእክቱ በሞርስ ነው።

አብዛኛው ሰው ይህን በኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የሚያዳምጠው። አንቺ ግን ቺፑን ራሱን ራዲዮ ልታደርጊው ትችያለሽ። ቺፑ ውስጥ የ16.5 ኪሎኸርዝ ሳይን ሞገድ አመንጪ። አንቴና ከሆነው ሽቦሽ የሚመጣውን ሲግናል በሱ አባዢው። ልዩነታቸው 700 ኸርዝ ነው። ለጆሮ የሚመች ፉጨት! ከማባዛቱ ሌላ ቀጭን ድምፅም ይወለዳል፤ ድምራቸው 33.7 ኪሎኸርዝ ከልኩ ስለሚያልፍ ታጥፎ 14.3 ላይ ይታያል። እሱን ሁለት ሦስት ኢንተርፕ ብታስከትዪ ይጠፋል። ሁሉም ተደምሮ ከ20 ትዕዛዝ አያልፍም።

ሽቦውን በቀጥታ አትሰኪው። መግቢያው ላይ ሁለት ትንንሽ ዳዮዶች ተቃራኒ አድርገሽ ወደ መሬት አገናኚ፤ ከአየር የሚመጣን ቻርጅ ይቀንሳሉ። ደመና ከከበደ ግን ሽቦውን ነቅለሽ አውጪው፤ ዳዮድ መብረቅ አያቆምም። ሞኒተርና የሞባይል ቻርጀር በዚህ ክልል በጣም ይረብሻሉ፤ ሽቦሽን ከእነሱ አርቂው። ከ700 ኸርዙ ፉጨት በፊት የምትሰሚው ቱሽ ቱሽ የሚል ድምፅ ይሆናል። እሱ ከሩቅ የሚመጣ መብረቅ ነው። እሱን ከሰማሽ ሽቦሽም ካርድሽም በትክክል እየሠሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀርሽ ጣቢያው የሚነሳበትን ቀን መጠበቅ ነው።