ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ከመባሉ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራች፣ 1.6 ሊትር ሞተር ያላት ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ባለፈው ወር ባትሪዋ ደክሞ ስለነበር ከጎረቤት መኪና በኬብል ልናስነሣት ስንሞክር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገላብጦ ተገናኘና ብልጭታ ታየ፤ ወዲያውኑ ነቀልነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ባትሪ ብገዛላትም ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ አልነሣ አለ። ቁልፍ ስከፍት የዘይትና የባትሪ መብራቶች ይበራሉ፤ የቼክ ኢንጂን መብራት ግን ጨርሶ አይበራም። የወሰድኳት ጋራዥ ባለሙያ ብዙም ሳይፈትሽ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፤ ሌላ ገዝተህ አምጣ» አለኝ። ያገለገለ ኮምፒውተር ሶማሌ ተራ ሊገኝ እንደሚችል ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ዋጋው ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ከተገዛ በኋላም አይመለስም ተብያለሁ። ኮምፒውተሩ በእርግጥ መበላሸቱን እንዴት ላረጋግጥ?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት መጠየቅዎ እጅግ ተገቢ ነው። የገለጹልን ምልክት ኮምፒውተሩ፣ ማለትም እሳትና ቤንዚን የሚያዝዘው የሞተሩ መቆጣጠሪያ ሣጥን፣ ሥራ ላይ አለመሆኑን ያሳያል፤ ሥራ ላይ አለመሆንና መቃጠል ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮምፒውተሩ ከባትሪው ኃይል ካልደረሰው፣ ማሳው (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው መስመር) ከተቋረጠ፣ ወይም ከእርሱ ኃይል ከሚቀበሉት ሴንሰሮች አንዱ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ካደረገ፣ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሞተ መስሎ ይቀመጣል። ስለዚህ «ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ ሊሰጥ የሚገባው እነዚህ ሦስቱ በመለኪያ ተፈትሸው ነጻ ከወጡ በኋላ ነው። ፍተሻው ዲጂታል ቴስተር፣ ጥቂት ትዕግሥትና የመኪናዋን የሽቦ ሥዕል ማንበብ የሚችል የመኪና ኤሌክትሪሺያን እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ከመብራቱ እንጀምር። የቼክ ኢንጂን መብራት ኃይሉን የሚያገኘው ከዳሽቦርዱ ፊውዝ ነው፤ የኮምፒውተሩ ድርሻ የመብራቱን የማሳ ወገን መዝጋት ብቻ ነው። ቁልፍ ሲከፈት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ይህ መብራት መብራት አለበት፤ ካልበራ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይ ኮምፒውተሩ አልነቃም ማለት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ከኮምፒውተሩ ወደ መብራቱ የሚሄደውን ሽቦ ለይቶ ለአፍታ ከማሳ ጋር ሲያገናኘው መብራቱ ከበራ፣ አምፖሉና ፊውዙ ደህና መሆናቸው ይታወቃል፤ ጥያቄውም ኮምፒውተሩ ለምን አልነቃም ወደሚለው ይሸጋገራል።

በእርስዎ መኪና ላይ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ኮፈኑ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ የሚገኘውንና ኢኤፍአይ (EFI፣ የቤንዚን መርጫው ሥርዓት) ተብሎ የተጻፈበትን ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ነው። ባትሪ ተገላብጦ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚበጠሱት ፊውዞችና ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ያሉት ትልልቅ ፊውዞች ናቸው፤ የዲናሞው ዳዮዶችም አብረው ይጎዳሉ። የኢኤፍአይ ፊውዝ ሲበጠስ መኪናዋ የምታሳየው ምልክት ደግሞ እርስዎ የጻፉልን ነው፤ ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሌሎቹ መብራቶች ይበራሉ፣ ኮምፒውተሩ ግን የለም። ፊውዝ በዓይን ብቻ አይፈረድበትም፤ በሁለቱም ጫፉ ላይ 12 ቮልት መኖሩ በቴስተር መለካት አለበት። ፊውዙ ደህና ከሆነ በዚያው ሣጥን ውስጥ ያለው የኢኤፍአይ ዋና ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይፈተሽ፤ ቁልፍ ሲከፈት ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ድምፅ መኖሩ ግን ኮንታክቱ ኃይል ማሳለፉን አያረጋግጥምና መውጫው ላይ ይለካ።

ቀጥሎ ፍተሻው ወደ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሄዳል። በዚህ ኮሮላ ላይ ሣጥኑ የሚገኘው ከሬዲዮው በታች፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ካለው ሽፋን ፊት ለፊት ነው። ሶኬቱ ሳይነቀል፣ የቴስተሩ ቀጭን ጫፍ ከሽቦው ወገን ከኋላ እየገባ ይለካል። ቁልፍ ተዘግቶም ቢሆን ባት በሚባለው እግር (የሶኬቱ ፒን) ላይ የባትሪው ቮልት መኖር አለበት፤ ቁልፍ ሲከፈት ደግሞ ፕላስ ቢ በሚባለው ላይ ከ9 እስከ 14 ቮልት መገኘት አለበት። የማሳ እግሮቹ በሌላ መንገድ ይለካሉ፦ የቴስተሩ አንዱ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላው የኮምፒውተሩ ማሳ እግር ላይ ሆኖ ሞተሪኖው ሲዞር የሚታየው ቮልት ከ0.2 መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ማሳው ደካማ ነው። የኮምፒውተሩ የማሳ ሽቦዎች የሚታሰሩት ሞተሩ ላይ፣ ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቧንቧ) አካባቢ ነው፤ ሞተር ወርዶ በተሠራባቸው አሮጌ መኪኖች ላይ ይህች ቡሎን ሳትጠብቅ፣ ቀለም ተቀብቶባት ወይም ጨርሶ ተረስታ ትገኛለች። ኮምፒውተር ለማስለወጥ ወደ ጋራዥ የመጣ መኪና አንዲት ቡሎን ጠብቃለት በዚያው ቀን ተነሥቶ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

ኃይሉና ማሳው ትክክል ሆኖ ኮምፒውተሩ አሁንም ካልነቃ ብዙ ሰው የማይደርስበት ፍተሻ ይቀራል፤ ብዙ ጤነኛ ኮምፒውተር ያለ ጥፋቱ የሚጣለው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው እወዳለሁ። ኮምፒውተሩ ከባትሪው ከሚመጣው 12 ቮልት ውስጥ 5 ቮልት ያዘጋጅና ቪሲ በሚባል አንድ ሽቦ ለሴንሰሮቹ ያከፋፍላል፤ በእርስዎ ሞተር ላይ ይህን የሚቀበሉት የማኒፎልዱን ግፊት የሚለካው ማፕ ሴንሰርና በጋዙ ቢራቢሮ ላይ የተገጠመው ትሮትል ፖዚሽን ሴንሰር ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ውስጡ ሾርት ካደረገ፣ ወይም ሽቦው ተልጦ ቦዲ ከነካ፣ 5 ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩም የቼክ ኢንጂን መብራቱን እንኳ ማብራት አይችልም። ሁኔታው ከተቃጠለ ኮምፒውተር ጋር በምንም አይለይም። መለያው መንገድ ቀላል ነው፦ ቁልፍ ተከፍቶ በቪሲና ኢ2 በሚባለው የሴንሰሮቹ ማሳ እግር መካከል ይለካ። ከ4.5 እስከ 5.5 ቮልት ከታየ ይህ ወገን ደህና ነው። ዜሮ ወይም ከዚያ ብዙም ያልራቀ ከሆነ ግን ቁልፍ እየተዘጋ ሴንሰሮቹ አንድ በአንድ ይነቀሉና እንደገና ይለካ። አንደኛው ሲነቀል 5 ቮልቱ ተመልሶ መብራቱ ከበራ ጥፋተኛው ያ ሴንሰር ነው። ሁሉም ተነቅለው ምንም ካልተለወጠ፣ ባትሪው ተፈትቶ ሶኬቱም ከኮምፒውተሩ ወጥቶ የቪሲ ሽቦ ከማሳ ጋር አለመገናኘቱ በኦም ይለካ። ሽቦውም ንጹሕ ከሆነ፣ ኃይል እየገባለት 5 ቮልት የማያወጣ ኮምፒውተር በእርግጥ ተበላሽቷል፤ ያን ጊዜ የጋራዡ ባለሙያ ቃል በማስረጃ ጸና ማለት ነው።

መብራቱ ተመልሶ በርቶ ሞተሩ ብቻ ካልተነሣ መኪናዋ ራሷ ትናገር። ኮፈኑ ሥር፣ በክዳኑ ላይ ዲያግኖሲስ ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ጥቁር ሣጥን አለ። ሞተሩ ቆሞ ቁልፍ ከመከፈቱ በፊት ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ይገናኙ፤ ክዳኑ ላይ ያለው ሥዕል ቦታቸውን ያሳያል፤ ሌላ ቀዳዳ በስሕተት እንዳይነካ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ ሳያቋርጥ እኩል እየተርገበገበ ከቆየ የተመዘገበ ብልሽት የለም። ካለ ግን በብልጭታ ቁጥር ይናገራል፤ አንድ ብልጭታ፣ አጭር ዕረፍት፣ ከዚያ አራት ብልጭታ ማለት 14 ነው። 12 ቁጥር ሞተሪኖው ሲያዞር የሞተሩ የመዞር ምልክት ከዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ክፍል) አለመድረሱን፣ 14 እሳት መሰጠቱን ለኮምፒውተሩ የሚናገረው የመልስ ምልክት አለመምጣቱን፣ 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰርን፣ 31 ማፕ ሴንሰሩን፣ 41 ትሮትል ፖዚሽን ሴንሰሩን ያመለክታል። ቁጥሩ የሚያሳየው ችግሩ ያለበትን መስመር እንጂ የሚለወጠውን ዕቃ አይደለም፤ ከሴንሰሩ በፊት ሽቦውና ሶኬቱ ይታዩ። የመዞር ምልክት ካልደረሰው ኮምፒውተሩ ካንዴላ እሳት እንዲሰጥ፣ ኢንጀክተርም ቤንዚን እንዲረጭ አያዝዝም፤ በዚህም ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ማስረጃ ከጸና፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ተፈትቶ ሣጥኑ ይውጣና ይከፈት። የተቃጠለ መስመር ወይም የጠቆረ ትራንዚስተር በዓይን ይታያል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በተሠሩ የጃፓን መኪኖች፣ በተለይም በዚያ ዘመን ሚትሱቢሺዎች ላይ፣ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች) በዕድሜ ብዛት ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ሲከፈት የዓሣ የሚመስል ሽታ ይሸታል፣ ፈሳሹም በዙሪያው ያለውን የመዳብ መስመር ይበላል። መስመሩ ገና ካልተበላ የተማረ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ተመሳሳይ አቅም ያላቸውን፣ 105 ዲግሪ ሙቀት የሚችሉ ካፓሲተሮች ቀይሮ ሊያድነው ይችላል። እኔ እንደማምነው ሌላ ከመግዛት በፊት ይህ መሞከር አለበት፤ የራስዋ ኮምፒውተር ለሞተርዋ የተሠራ ነውና።

መግዛት ግድ ከሆነም የቀደመውን የገደለው ምክንያት ሳይገኝ አዲሱ አይሰካ። የኢንጀክተሮቹ ጥቅል በኦም ይለካ፤ በዚህ ሞተር ላይ 14 ኦም ገደማ መሆን አለበት፤ ከዚያ እጅግ የወረደ ኢንጀክተር አዲሱንም ኮምፒውተር ያቃጥላል። ባትሪው ተገላብጦ ስለነበር ዲናሞው ሞተሩ እንደተነሣ ይለካ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ጤናማ ነው፤ 15ን ካለፈ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። ሲገዙ በሣጥኑ ላይ በ89661 የሚጀምረው ቁጥር እስከ መጨረሻው አሐዝ ከእርስዎው ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ፤ ሶኬቱ ገጠመ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም፤ የአውቶማቲክና የማኑዋል ካምቢዮ ኮምፒውተሮችም ይለያያሉ። ሻጩ መኪናዋ ላይ ተሰክቶ እንዲሞከር ከፈቀደ እሰየው።

ሌሎች አንባቢዎችም ልብ እንዲሉት፣ ቦዲ በኤሌክትሪክ ሲበየድ ባትሪው ይፈታ፤ ላቫጆ ላይም ሞተሩ በኃይለኛ ውሃ አይታጠብ፤ በሶኬት ውስጥ የቀረ ውሃ ወራት ቆይቶ እግሮቹን ያዝጋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እ.ኤ.አ. የ2004 ካምሪ አለኝ፤ በደንብ ትሠራለች። ስልክ ላይ የሚገናኝ ርካሽ ስካነር (የብልሽት ኮድ አንባቢ) ገዝቼ ብሰካ ግን «ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር መገናኘት አልተቻለም» ይላል። ኮምፒውተሯ ሊሞት ነው?

መልስ፦ ሞተሩ በደንብ የሚነሣና የሚሠራ ከሆነ፣ ቁልፍ ሲከፈትም የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ሞተሩ ሲነሣ የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሥራውን እየሠራ ነው። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የተሸጡ የቤት መኪኖች ኦቢዲ2 የሚባለውን ባለ 16 እግር ሶኬት እንዲይዙ ግዴታ ነው፤ 16ኛው እግር የባትሪውን ኃይል፣ 4ኛውና 5ኛው ማሳ ይይዛሉ። ስካነሩ ሲሰካ የራሱ መብራት ካልበራ 16ኛውን እግር የሚያገለግለውን ፊውዝ ይመልከቱ። ከበራና ካልተገናኘ ደግሞ አንዳንድ ርካሽ ስካነሮች የድሮ መኪኖችን የመገናኛ ቋንቋ በትክክል ስለማይናገሩ መጀመሪያ ሌላ ስካነር ይሞክሩ፤ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች ኮድ በነጻ ያነባሉ። ከፒ0601 እስከ ፒ0606 ካሉት ኮዶች አንዱ ከወጣ የኮምፒውተሩን ውስጥ የሚመለከት ስለሆነ በትኩረት ይታይ፤ ያን ጊዜም ቢሆን የባትሪው ቮልትና ማሳው ከተፈተሹ በኋላ ኮዱ ይደምሰስና መኪናዋ ጥቂት ቀን ተነድታ ተመልሶ መምጣቱ ይታይ።