በአንድ ኪሎ ተኩል የተወለደ ልጅ አርባ ዓመት ሲሞላው፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ የምሠራውም ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ልጁ ከማሞቂያ ወጥቶ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ለወላጆች ብዙ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ረጅም ዕድሜ ግን የሚነግራቸው ጥቂት ነው። ዛሬ ስለዚያ ጠይቁኝ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ልጃችሁ በስንት ሳምንቱና በስንት ኪሎ እንደተወለደ ጽፋችሁ ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ልጄ በ32 ሳምንቷ፣ በ1.6 ኪሎ ተወለደች። አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ ትሮጣለች፣ ትዘፍናለች። ስታድግ የሚመጣባት በሽታ አለ ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1997 የተወለዱ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መዝገብ ተመርምሯል። ከ37 ሳምንት በፊት ከተወለዱት 55 በመቶው ጎልማሳ ሲሆኑ ከባድ የሚባል ሕመም አልነበረባቸውም። በጊዜያቸው ከተወለዱት ደግሞ 63 በመቶው። ልዩነት አለ፣ ግን ዕጣ ፈንታ የሚባል አይደለም። ልዩነቱ በጣም የሚሰፋው ከ28 ሳምንት በፊት በተወለዱት ላይ ነው፤ ልጅሽ ከእነሱ ውስጥ አይደለችም። አንቺ ማድረግ ያለብሽ በዓመት አንድ ጊዜ ደም ግፊቷን በልጆች መለኪያ ማስለካት ነው። ትምህርት ቤት ስትገባም ትኩረት በማድረግ ወይም በሒሳብ ብትቸገር፣ «ሰነፍ ናት» ከመባሏ በፊት ያለጊዜዋ መወለዷን ለአስተማሪዋ ንገሪ።

ጥያቄ፦ ሲወለዱ ማነስና በሃምሳ ዓመት የልብ በሽታ ምን ያገናኛቸዋል? ለእኔ አልገባኝም።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ። እንግሊዝ አገር፣ ኸርትፎርድሺር በምትባል አውራጃ፣ ኤቴል ማርጋሬት በርንሳይድ የምትባል የአዋላጆች ተቆጣጣሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ በእሷ አመራር የሚሠሩ ሴቶች የሚወለደውን ልጅ ሁሉ መዘኑ፣ ዓመት ሲሞላውም ደግመው መዘኑና በትልልቅ መዝገብ ጻፉ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ዴቪድ ባርከር የተባሉ የሳውዝሃምፕተን ሐኪም መዝገቡን አግኝተው ከ1911 እስከ 1930 የተወለዱ 5,654 ወንዶችን ተከታተሉ። በ1989 ያሳተሙት ውጤት ሲወለዱም ዓመት ሲሞላቸውም ኪሎአቸው ያነሰ ሰዎች በልብ ደም ሥር በሽታ ይበልጥ እንደሞቱ የሚያሳይ ነበር። ሴቶቹ በጊዜው ጥቅሙን ሳያውቁት በትጋት የጻፉት ቁጥር ነው የሕክምናን አስተሳሰብ የለወጠው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በጣም ግልጽ የሆነውን ልንገራችሁ፦ ኩላሊት ደም የምታጣራባቸው ደቃቅ ማጣሪያዎች የሚሠሩት ማህፀን ውስጥ ነው፤ አብዛኞቹም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት። ወደ 36ኛው ሳምንት ገደማ ሥራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት አዲስ አይጨምርም። አንድ ኩላሊት በአማካይ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ማጣሪያ አላት፤ ግን ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ማህፀን ውስጥ ምግብ ያጠረው ልጅ በጥቂቱ ይጀምራል። ጥቂቶቹ የብዙውን ሥራ ሲሸከሙ ኖረው ይደክማሉ፤ ደም ግፊትም አብሮ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የኔ ልጅ በዘጠኝ ወሩ ነው የተወለደው፣ ግን 2.2 ኪሎ ነበር። ያለጊዜው ከተወለደ ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከ2,500 ግራም በታች የተወለደ ሁሉ «አነስተኛ ክብደት» ይባላል፤ መንገዱ ግን ሁለት ነው። አንዱ ቀኑ ሳይደርስ የመጣ ነው፤ የእሱ ስጋት በተለይ ሳንባው፣ ዓይኑና አእምሮው ናቸው። ሌላው ቀኑን ጨርሶ ግን ማህፀን ውስጥ ያልጠገበ ነው፤ የእናት ደም ግፊት፣ ወባ፣ የምግብ እጥረት ወይም የእንግዴ ልጅ ድካም ሊሆን ይችላል። በእሱ ላይ ደግሞ በኋላ ስኳርና ደም ግፊት ያመዝናሉ። ሁለቱም የደረሰባቸው ልጆች አሉ።

ጥያቄ፦ አያቴ «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም» ትላለች። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። ሳንባ በየሳምንቱ ይበስላል፤ የስምንት ወሩ ከሰባት ወሩ የተሻለ ዕድል አለው። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው «አያድግም» ተብሎ ተስፋ የተቆረጠበት ልጅ ሙቀትና ጡት ስለሚጓደልበት ነው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ በትንሽ ኪሎ ተወልዶ አሁን ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ቀጭን ነው። ቅቤና ገንፎ እያበዛሁ ቶሎ ላድርሰው ብዬ ነበር፣ እናቱ ከለከለችኝ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ እማማ፣ ፍቅርዎ ይገባኛል፤ በዚህስ እናቱ ልክ ናት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና ማደጉ ለአእምሮው ያስፈልጋል፤ ያኔ ምርጡ የእናት ጡት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሄልሲንኪ ውስጥ የተወለዱ ሰዎች ሲጠኑ፣ ትንሽ ሆነው ተወልደው ከሁለት ዓመት በኋላ በፍጥነት የወፈሩት ናቸው ይበልጥ በልብ በሽታ የተጠቁት። ሕንድ ፑኔ ከተማም ዶክተር ያጅኒክና ባልደረቦቻቸው ሲወለዱ ያነሱ ሕፃናት ሥጋቸው አንሶ ስባቸው እንዳላነሰ አሳይተዋል። ስለዚህ እንቁላል፣ ምስርና ሽሮ፣ አትክልት፣ ወተት ይስጡት፤ ቁመቱ በካርዱ መስመር ላይ እየሄደ ከሆነ ቅጥነቱ አያስጨንቅዎ።

ጥያቄ፦ ክትባት በየትኛው ዕድሜ ይቆጠር?

መልስ፦ በተወለደበት ቀን። ለመቀመጥ፣ ለመዳህና ለመናገር ግን እስከ ሁለት ዓመቱ ያነሱትን ሳምንታት ቀንሱ። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የስምንት ወር ልጅ እንደ ስድስት ወር ልጅ ይታያል።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ መንታ ሆነን በሰባት ወር ተወለድን። ዱባይ ለሥራ ስመረመር ደም ግፊቴ 138 በ88 ሆነ። ከዚያ ጋር ይያያዛል?

መልስ፦ ሊያያዝ ይችላል፣ ወንድሜ። ከ1.5 ኪሎ በታች ሆነው የተወለዱ ጎልማሶች የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ ከ3 እስከ 4 ነጥብ ከፍ ይላል። ያንተ ከዚያም ያልፋል፤ ስለዚህ በልደትህ ብቻ አታሳብበው። ቤት ተረጋግተህ ለሳምንት ጠዋትና ማታ ለካ፤ ለሐኪምህ «ያለጊዜዬ ነው የተወለድኩት» በለው፤ የኩላሊት የደም ምርመራና የሽንት ፕሮቲን ይታዘዝልህ። ሲጋራና ሺሻ ካለ ተው፤ የአንተ ዓይነት ሳንባ አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ አቅም የለውም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ገጠር ያደገ፣ በጣም ቀጭን ነው፣ ግን ስኳር ያዘው። ስኳር የወፍራሞች አይደል እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። የጎንደር ሐኪሞች፣ ዶክተር ሺታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን ቀጫጭን፣ ድሆችና ወጣቶች መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዝ ስኳር እንደገና ይታይ ብለው ጠይቀዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ ተቀበለው። ከማህፀን ጀምሮ ያለ ረሃብ አንዱ መነሻ እንደሆነ ይታሰባል። እስከዚያው ወንድምህ መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቋርጥ።

ጥያቄ፦ ያለጊዜው የተወለደውን ልጄን ደረቴ ላይ እንዳስተኛው ነገሩኝ። ማሽን ስላጡ ነው?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ሲጀመር ማሞቂያ ስላጠረ ነበር፤ ዛሬ ግን በራሱ ሕክምና ነው። በጋና፣ ሕንድ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ ተሠርቶ በ2021 የወጣው ጥናት፣ ልጁ ሳይረጋጋ ገና ከመጀመሪያው ደረት ላይ ማዋል ሞትን በ25 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። እኛም አገር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። የቦጎታዎቹን ልጆች ከሃያ ዓመት በኋላ ሲያገኟቸው በባሕርያቸውና በቤተሰባቸው ሁኔታ መልካም ልዩነት ታይቶባቸዋል። አባትም ይችላል፤ ሸሚዙን ይፍታና ይቀበልሽ።

ጥያቄ፦ በስምንተኛ ወሬ በደም ግፊት ምክንያት ወለድኩ። ስለ ልጁ ሁሉም ይጠይቃል። ስለ እኔስ?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። በእርግዝና ግፊት የነበረባት ወይም ያለጊዜዋ የወለደች ሴት፣ ራሷም ወደፊት ለደም ግፊትና ለልብ በሽታ ያላት ተጋላጭነት ከፍ ይላል። ከወለድሽ በኋላ ግፊትሽ ቢወርድም በየዓመቱ ተለኪ። ደግመሽ ለማርገዝ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቆዪ፤ ስታረግዢም በ12ኛው ሳምንት ገደማ ሐኪም ጋ ቅረቢና አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለሽ ጠይቂ። በራስሽ ግን አትጀምሪው።

ጥያቄ፦ እኔ ቤት ነው የተወለድኩት፣ የመዘነኝ የለም። ለሐኪም ምን ልበል?

መልስ፦ እናትህ ካሉ ጠይቃቸው፦ ወሩ ሞልቶ ነበር? መንታ ነበርክ? ለመጥባት አቅም ነበረህ? በዚያን ጊዜ ረሃብ ወይም ወባ ነበር? የእናት ትዝታ ሚዛን ባይሆንም ለሐኪም ይጠቅማል። ምንም ካልተገኘም ከአርባ ዓመትህ በፊት ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ።