«ጭንቅላቴ ይዝላል» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። «ሰው ሠራሹን እግር ማድረግ ከጀመርኩ አራተኛ ወሩ ነው፤ ትንሽ ስራመድ ከእግሬ ይልቅ ጭንቅላቴ ይዝላል፤ ይህ የሚለካ ነገር ነው ወይስ የኔ ስንፍና?» ብለሽ ጠይቀሻል። ስንፍና አይደለም፤ ይለካልም። እግሬ ከጉልበት በላይ ከተቆረጠ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያውን ዓመት ይህንኑ ድካም ለሰው ማስረዳት አቅቶኝ ነው የገፋሁት።

ጉልበታችንና ቁርጭምጭሚታችን ምን ያህል እንደታጠፉ ሳናይ ይነግሩን የነበሩት ነርቮች ከእግሩ ጋር ሄደዋል። የቀረን ሶኬቱ (ከተቆረጠው የተረፈው እግራችን የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ጎድጓዳ ክፍል) ቆዳችንን ሲጫን የሚሰማንና ዓይናችን ነው። የኔ ዓይነቱ ተራ ሜካኒካል ጉልበት ደግሞ ተረከዙ መሬት ሲነካ በደንብ ካልተዘረጋ ይከዳል። ሌላው ሰው ሳያስበው የሚያደርገውን እኛ በየእርምጃው እናስበዋለን። መብራት ሲጠፋ በገዛ ቤታችን መንቀሳቀስ የሚጨንቀንም ለዚሁ ነው።

እኔን ያነቃችኝ እናቴ ናት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኮብልስቶኑ ላይ «ልጄ፣ ምሳ ምን ይሠራልህ?» አለችኝ። ቆምኩ። ቆሜ መለስኩላትና እንደገና መራመድ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይታ ሌላ ነገር ስትጠይቀኝ አሁንም ቆምኩ። የስዊድን ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. እየሄዱ ሰው ሲያናግራቸው የሚቆሙ አረጋውያን ለመውደቅ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ጽፈው ነበር። ጥናቱ ስለ አረጋውያን ቢሆንም እኔ ራሴን አየሁበት።

ቤት ውስጥ የምትለኪበት መንገድ ይኸውልሽ። መጀመሪያ ተቀመጪና ከ100 እየቀነስሽ በሦስት በሦስት ወደ ኋላ ቁጠሪ፤ 97፣ 94፣ 91 እያልሽ ለ30 ሰከንድ። ስንት ትክክል እንዳልሽ ሰው ይጻፍልሽ። ቀጥሎ ዝም ብለሽ በለመድሽው ፍጥነት 20 ሜትር ተራመጂና ሰዓቱ ይያዝ። በመጨረሻ እየቆጠርሽ ያንኑ መንገድ ሂጂ፤ ቁጥሩም ሰዓቱም ይመዝገብ። ቁጥሩን በቃልሽ እንዳትይዢው መነሻውን በየጊዜው ቀይሪው። ሜዳው ለጥ ያለ ይሁን፤ በሰው ሠራሹ እግር በኩል ትንሽ ከኋላሽ የሚሄድ ሰውም ይኑር። ሰው ከሌለ ይቅርብሽ።

የኔን ልንገርሽ። ተቀምጬ 14 ጊዜ ቀንሼ 58 ደረስኩ። ዝም ብዬ ስራመድ 20 ሜትሩ 30 ሰከንድ ፈጀ። እየቆጠርኩ ስሄድ 31 ሰከንድ ብቻ ወሰደብኝ፤ አረማመዴን ያየ ሰው ምንም አልጎደለም ይላል። ቁጥሩ ግን 82 ላይ ቀረ፤ ከ14 ወደ 6። እንዳልወድቅ ብሎ አእምሮዬ ሐሳቡን ሁሉ ለእግሩ ሰጥቶ ቆጠራውን ጣለው። ፊዚዮቴራፒስቴ ለወራት «አረማመድህ በጣም ጥሩ ነው» ሲለኝ የነበረው እግሬን ብቻ እያየ ነው። ሁለቱንም ጎን ጻፊ የምልሽ ለዚህ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ቆጠራውን ይዞ እርምጃው ይጎተታል።

ከዚህ ሌላ የናሳዋ ሳንድራ ሃርትና ሎዌል ስቴቭላንድ በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ናሳ ቲ-ኤል-ኤክስ የሚባል መጠይቅ አለ። ሥራው፣ ለኛ መራመዱ፣ የጠየቀውን ሐሳብ፣ የጠየቀውን የሰውነት ጉልበት፣ የጊዜውን ጥድፊያ፣ ምን ያህል እንደተሳካልሽ፣ የከፈልሽውን ጥረትና ብስጭቱን ለየብቻ ከ0 እስከ 100 ታስቀምጫለሽ። እኔ የወደድኩት ሐሳቡንና ጉልበቱን መለየቱን ነው። «ደከመኝ» ስንል ሁለቱን ስለምንደባልቅ የሚሰማን ሰው ሁሌም ስለ ጡንቻ ነው የሚያወራው። «ምን ያህል ተሳካልኝ» የሚለው ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ እዚያ 0 ማለት በጣም ተሳክቷል ማለት ነው። ነጥብሽንም ከሌላ ሰው ጋር አታወዳድሪው፤ ከራስሽ ካለፈው ወር ጋር ብቻ።

ቤተ ሙከራ ያላቸው ይህን የሐሳብ ድካም የአእምሮን ኤሌክትሪክ በሚቀዳ ቆብ ወይም ግንባር ላይ በሚለጠፍ የብርሃን መሣሪያ ይለኩታል። ሰውየው እየተራመደ ድምፅ ያሰሙትና አእምሮው ለድምፁ የሚሰጠው ምላሽ ምን ያህል እንዳነሰ ያያሉ። የእጅ ሰዓትሽ ላይ ያለው የልብ ምት ግን አያታልልሽ፤ ስንራመድ ሰውነት ስለለፋም ልብ ይመታል።

የኔ ቁጥር የተሻሻለው ካልጠበቅሁት ቦታ ነው። ጠዋት እለካና ደህና ይሆናል፤ ከሰዓት ይወርዳል። ለካ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ከተቆረጠው የተረፈው እግሬ ስለሚሟሽሽ ሶኬቱ እየላላ፣ እግሩ ውስጥ ለውስጥ እየዞረ ነበር። ያንን ሁሉ ጊዜ አእምሮዬ የሚጠብቀው የላላ ሶኬት ነው። ሶኬቱ ውስጥ በሚገባው እግሬ ላይ አንድ ተጨማሪ ካልሲ ደርቤ ያንኑ ከሰዓት ስለካ 10 ደረስኩ። ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ሶኬቱ ተስተካከለልኝ። አሁን 12 ወይም 13 ነኝ፤ እናቴንም እየሄድኩ እመልስላታለሁ።

አንቺም ጠዋትና ከሰዓት ለይተሽ ለሦስት ቀን ለኪና ወረቀቱን ለቀጠሮሽ ያዢ። ቁጥርሽ ከሰዓት የሚወርድ ከሆነ ግን ቀጠሮውን አትጠብቂ፤ ካልሲውን ነገውኑ ሞክሪው።